መጦር እንዴት ሕግ ሆነ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ታሪክ ነው። ነገር ግን ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት አይደለም። በየቤታችን በአልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የልጆቻቸውን መምጣት ስለሚጠብቁት አባቶቻችንና እናቶቻችን ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«እናቴን መጦር የእኔ ግዴታ ነው፤ መንግሥት ምን አገባው?» የሚለውን ቃል ከብዙ ሰው አፍ ሰምተናል። የክብር ቃል ነው፤ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ከዚሁ ቃል የተነሣ ብዙ አረጋውያን በሕግ የተፈቀደላቸውን ሳያገኙ ይቀራሉ። ልጅም ቀን ፋብሪካ ውሎ፣ ሌሊት ወላጁን ሲያገላብጥ አድሮ፣ በመጨረሻ ራሱም ይታመማል። ስለዚህ በዚህ አገር አረጋውያንን የመርዳት ነገር ከየት ተነሥቶ ወደ ሕግ እንደ ደረሰ ማወቅ ይጠቅመናል።

ከራሳችን እንጀምር። በአማርኛችን ጡረታ የሚለው ቃል የመጣው ጦረ ከሚለው ነው። ዛሬ ጡረታ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በየወሩ ባንክ የሚገባ ገንዘብ ነው። ቃሉ ግን ከባንክ በፊት ነበረ። መጦር ማለት ያረጀውን ማብላት፣ ማልበስ፣ ማጠብ፣ ሲታመም ማስታመም ነው። ልጅ ሲወለድም «ጧሪ ቀባሪ ይሁንህ» ተብሎ ይመረቃል።

በጎንደር በኩል ርስት ያለው ሰው፣ ልጅ ባይኖረው እንኳ፣ መሬቱን ለሚጦረው ዘመድ መስጠት ልማድ ነበር። ቤተ እስራኤል ግን በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም። እስከ 1975 የመሬት አዋጅ ድረስ በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው ያርሱ፣ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸክላ ይሠሩ፣ ሸማ ይሸምኑ ነበር። እንግዲህ ርስት የሌለው ሽማግሌ ለሚጦረው ሰው የሚያወርሰው መሬት የለውም። ያለው ልጆቹ፣ ምርቃቱና አንደበቱ ነው። አንደበቱ ስንል ሽምግልናውን ማለታችን ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ከብት የሰው እህል ሲበላ፣ ሰው ከሰው ደም ሲቃባ የሚያስታርቅ እርሱ ነበርና። አሮጊቷም ብትሆን የልጅ ልጅ ታቅፋለች፣ ጥጥ ትፈትላለች፣ ምጥ የያዛትን ታዋልዳለች። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ ጧሪውና ተጧሪው አንዱ ለሌላው ያስፈልጉ ነበር።

ይህን ስንል አገር ቤት ሁሉ ነገር መልካም ነበር ማለታችን አይደለም። ዓይኑን ሞራ የጋረደው ሰው ሐኪም ሳያየው ብርሃኑን ያጣ ነበር። ዳሌው የተሰበረ መደብ ላይ ተኝቶ ይቀር ነበር። ልጆቹ ወደ ከተማ የሄዱበት ወይም በጦርነትና በረኃብ ያለቁበት ሽማግሌም ነበር፤ እርሱን የጎረቤት ርኅራኄ ይጦረዋል። ወደ ሱዳን በተደረገው የእግር ጉዞ፣ በመንገድም ሆነ በመጠለያ ሠፈሮች ያረፉት ወገኖቻችን ወደ 4,000 እንደሚሆኑ ይገመታል። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሕፃናትና አረጋውያን ነበሩ። መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሔርጽል ተራራ ቆሟል። ያንን ጉዞ የተጓዘ ሰው አባቱን በጀርባው ተሸክሞ ያሻገረ ሰው ታሪክ ሳይሰማ አልቀረም።

አሁን ደግሞ ወደዚህች አገር እንለፍ። እስራኤል በ1948 ስትመሠረት የወጣቶች አገር ነበረች። ረግረጉን ያደረቁት፣ ኪቡጹን ያቀኑት ሰዎች በአብዛኛው ወላጆቻቸውን በአውሮፓ ትተው የመጡ ወጣቶች ናቸው። በዚያን ጊዜ ከ100 የአይሁድ ነዋሪዎች መካከል 65 ዓመት የሞላቸው 4 ያህል ብቻ ነበሩ። ዛሬ በአገሪቱ ከ100 ሰው ከ12 በላይ ናቸው። አረጋዊ ጥቂት በሆነበት አገር ስለ አረጋውያን የሚያስብ ሕግም ሆነ መሥሪያ ቤት እምብዛም አይኖርም።

ነገር ግን ከ1948 እስከ 1951 ባሉት ዓመታት ወደ 700,000 የሚጠጋ ሕዝብ ገባ። ይህ ቁጥር መንግሥቱ ሲታወጅ በአገሩ ከነበረው የአይሁድ ሕዝብ ይበልጣል። ከአውሮፓ እልቂት የተረፉት፣ ከየመንና ከኢራቅ፣ ከሰሜን አፍሪካም የመጡት በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት፣ ማዓባራ በተባሉት ሠፈሮች ሰፈሩ። ሽማግሌውም፣ ዓይነ ስውሩም፣ የሳንባ ነቀርሳ የያዘውም አብሮ መጥቶ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ጭቃ በሚሆን ድንኳን ውስጥ መነሣት የማይችል ሰው እንዴት እንደሚከርም መገመት አያዳግትም።

በዚያን ጊዜ የደረሰላቸው ጆይንት የተባለው የአሜሪካ አይሁዶች የእርዳታ ድርጅት ነው። ጆይንት የተመሠረተው በ1914፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ነበር። በ1949 ከእስራኤል መንግሥትና ከሶኽኑት ጋር ሆኖ ማልቤን የተባለ ድርጅት አቋቋመ። ማልቤን የዕብራይስጥ ቃላት ምሕጻር ሲሆን፣ ትርጉሙ «ለደካማ ኦሊም እንክብካቤ የሚሰጡ ተቋማት» እንደ ማለት ነው። የዚያ ዘመን አነጋገር ነው እንጂ፣ ዛሬ ማንም ሽማግሌ በዚህ ስም መጠራትን አይወድም።

ማልቤን አዲስ ሕንፃ እስኪሠራ መጠበቅ አልቻለም። ስለዚህ እንግሊዞች ትተዋቸው የሄዱትን የወታደር ሠፈሮች እየጠገነ መኖሪያ አደረጋቸው። ከእነዚህ አንዱ በፓርዴስ ሐና የነበረው ንቬ አቮት ነው። ስሙ የአባቶች መኖሪያ ማለት ነው። ዛሬም በዚያው ሥፍራ ሾሐም የሚባል ትልቅ የአረጋውያን ሕክምና ማዕከል አለ። በሐዴራና በአካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖቻችን ሳታውቁት አትቀሩም።

የማልቤን ሥራ የብዙ ሰው ነፍስ አድኗል፤ ይህን መካድ አይገባም። አልጋ፣ ምግብ፣ ነርስ፣ መድኃኒት ተገኘ። ነገር ግን አንድ የየመን ወይም የሞሮኮ ሽማግሌ ልጆቹ በደቡብ በአንድ ሞሻቭ ተመድበው እርሱ በሌላ አውራጃ አልጋ ሲያገኝ፣ ዳቦው ይበቃዋል፤ ሰንበትን ግን ከማን ጋር ይቀበል? በዚያ ላይ አገሪቱ እያረጀች ስትሄድ አልጋው ለሁሉ ሊበቃ አልቻለም። ለሰው ሁሉ የሽማግሌ ቤት መሥራት እንደማይቻል፣ ቢቻልም አብዛኛው አረጋዊ ከቤቱ መውጣት እንደማይፈልግ እየተገለጠ መጣ።

ስለዚህ ሐሳቡ ተገለበጠ። በ1969 ጆይንትና መንግሥት ኤሼል የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ኤሼል አባታችን አብርሃም በቤርሳቤህ የተከለው ዛፍ ስም ነው። የዚህ ማኅበር ሥራ አረጋዊው በሠፈሩ እንዳለ የሚረዳበትን መንገድ ማቀድ ነበር። መርካዝ ዮም የሚባሉት የቀን መዋያዎች የተስፋፉት በዚህ ዓይነት ነው። አረጋዊው ጠዋት በመኪና ይወሰዳል፣ ይመገባል፣ ገላውን ይታጠባል፣ ከእኩዮቹ ጋር ይጫወታል፣ ማታ ወደ ልጆቹ ይመለሳል። ማልቤንም በ1970ዎቹ አጋማሽ የያዛቸውን ተቋማት ለመንግሥት አስረከበ።

ትልቁ እርምጃ ግን የሲዑድ ሕግ ነው። ሲዑድ ማለት ራሱን መርዳት ያቃተውን ሰው መደገፍ ማለት ነው። ቢቱዋሕ ለኡሚ፣ ማለት ብሔራዊ መድን፣ ቀድሞውኑ የእርጅና አበል ይሰጥ ነበር። ይሁንና አበል ዳቦ ይገዛል እንጂ ገላ አያጥብም። ስለዚህ ከ1980 ጀምሮ ለዚሁ ጉዳይ ከሠራተኛው ገቢ ጥቂት ጥቂት ሳንቲም ይጠራቀም ጀመር። በ1986 ክኔሴት ሕጉን አጸደቀ፤ በኤፕሪል 1988ም በሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሕግ መሠረት የጡረታ ዕድሜ የደረሰ፣ በቤቱ የሚኖር፣ ለመታጠብ፣ ለመልበስ፣ ለመብላት፣ በቤት ውስጥ ለመንቀሳቀስ ወይም ለመጸዳዳት የሰው እጅ የሚያስፈልገው አረጋዊ፣ መታፔሌት ወደ ቤቱ መጥታ ትረዳዋለች። ብቻውን ቢተው አደጋ የሚደርስበትም እንዲሁ ነው።

ልብ በሉ፣ ሕጉ ሽማግሌውን ወደ አልጋ አላመጣም፤ እርዳታውን ወደ ሽማግሌው አልጋ ወሰደ እንጂ። የመንግሥት ሊቃውንት ከብዙ ዓመትና ከብዙ ወጪ በኋላ የደረሱበት ነገር የእኛ አባቶች በጎጇቸው ያውቁት የነበረው ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። በመንደራችን አንዷ ልጅ ስትደክም እህቷ፣ የወንድም ሚስት፣ የአጎት ልጅ ትተካታለች። እዚህ ግን በሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ባልና ሚስት ሁለቱም ሥራ ይውላሉ፤ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፤ እህት በሌላ ከተማ ናት። የምትተካዋ እጅ ከቤተሰብ ውጭ መምጣት ነበረባት።

ሕጉ በወጣ ጊዜ በዘመቻ ሙሴ፣ ማለት ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 የመጡት ወገኖቻችን ገና ቋንቋ እየተማሩ ነበር። ከዚያ በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ ወራት ሲጠባበቁ ያከማቸው ይኸው ጆይንት ነበር። በአውሮፕላኑ ወንበር ተነቅሎ ሰው ወለል ላይ ተደርድሮ ሲመጣ፣ በጋቢ ተጠቅልለው የወረዱ ሽማግሌዎች ብዙ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ጎደሎ ይሆናል። እርሱም የዕድሜ ነገር ነው። ጸሐፊው «ዕድሜህ ስንት ነው?» ይላል። አባት «ጣሊያን ሲገባ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ይላሉ። ለእኛ ግልጽ መልስ ነው። ጣሊያን የገባው በ1936 አካባቢ ነውና፣ ጥጃ ጠባቂ ልጅ 8 ዓመት ቢሆነው፣ በ1991 ዕድሜው 63 ነው። ጸሐፊው ግን ይህን ስሌት አያውቅም፤ የሰውየውን ፊት አይቶ 50 ብሎ ቢጽፍ፣ አባት በሕግ ፊት 13 ዓመት ወጣት ሆኑ ማለት ነው። ወገባቸው እምቢ ቢልም በወረቀቱ ገና ሠራተኛ ናቸው። ከ1963 ጀምሮ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሰምቶ የሰውን ዕድሜ የሚወስንበት ሕግ አለ፤ በዚሁም የተጠቀሙ ወገኖች አሉ። ቢሆንም በኋላ ማስለወጥ ረጅምና አድካሚ መንገድ ነው። አዲስ የመጣችሁ ቤተሰቦች በወላጆቻችሁ ቴኡዳት ዜሁት ላይ የተጻፈውን ቀን አሁኑኑ አንብቡ፤ ስሕተት ካለ ሳይውል ሳያድር ሶሻል ወርከሩን አማክሩ።

ሌላው ደግሞ፣ ሸምግሎ ለመጣ ሰው «እዚህ አገር ሳልሠራ ምን ይገባኛል?» የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። ከ60 ዓመት በላይ ሆነው ለመጡ ኦሊም ልዩ የእርጅና አበል የሚባል አለ። የሲዑድ መብትም ለአዲስ ኦሌ ይደርሳል። ከጃንዋሪ 1995 ጀምሮ በሚሠራው የጤና መድን ሕግ መሠረትም እያንዳንዱ ነዋሪ፣ ሽማግሌም ሆነ ሕፃን፣ ክላሊት፣ መካቢ፣ መኡሔዴት ወይም ለኡሚት በተባሉት በአንዱ ኩፓት ሖሊም መመዝገብ ይችላል። በሽተኛ ነህ፣ አርጅተሃል ተብሎ አይመለስም።

ስለ ሕመም ካነሣን፣ የስኳር በሽታ ወገኖቻችን ሲመጡ እምብዛም የማይታወቅ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ በብዙ ቤት ገባ። ነጭ ዳቦ፣ ጣፋጭ መጠጥ፣ መቀመጥ የበዛበት ኑሮ ያመጣው ነው። በዚህ የተነሣ በሐዴራ በ1998 ጠነ ብሪዑት የተባለ ሥራ ተጀምሮ ስለ ስኳርና ስለ ምግብ በአማርኛ ማስተማር ተያዘ። ስለ መውደቅም አንድ ቃል እንበል። በመንደር ወለሉ አፈር ነው፤ እዚህ ግን የመታጠቢያ ቤት ወለል እርጥብ ሲሆን እንደ በረዶ ያንሸራትታል። የሚያዝ ብረት ግድግዳ ላይ ማስመታት፣ ተንሸራታች ምንጣፍ ማንሣት፣ ሌሊት አንድ መብራት መተው ብዙ ወጪ የለውም። አሮጌው ፎቅ ሊፍት ከሌለው ግን እናት በአራተኛ ፎቅ እስረኛ ትሆናለችና ቤት ስትገዙ ይህንንም አስቡ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልመለስ። ሕጉ አለ፤ ነገር ግን በሕጉና በአረጋዊው መካከል አንድ ጉብኝት አለ። ማመልከቻ ከገባ በኋላ ገምጋሚ ወደ ቤት ይመጣና አረጋዊው ምን እንደሚችል፣ ምን እንደማይችል ያያል። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ስድስት ደረጃ አለ። በዝቅተኛው በሳምንት ጥቂት ሰዓት፣ በከፍተኛው 30 ሰዓት ያህል እርዳታ ይሰጣል፤ ከፊሉንም በገንዘብ መውሰድ ይቻላል። ገቢም ይታያል። ሁሉ ነገር የሚወሰነው ግን በአብዛኛው በዚያች ጉብኝት ነው።

የራሴን ልናገር። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። እዚህ ከመጣች በኋላ እጇም ጉልበቷም ደከመ፤ አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ወደቀች። አመለከትን። ገምጋሚዋ በምትመጣበት ቀን እናቴ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ነጭ ቀሚሷን አስለበሰችኝ፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ቡና እንዲፈላ አዘዘች። እንግዳ ይመጣላ! ገምጋሚዋ መጣችና «ራስሽን ትታጠቢያለሽ?» አለች። «ተመስገን።» «ምግብ ማን ይሠራል?» «እኔ እንጂ ማን ይሠራል?» «ትወድቂያለሽ?» «ምን ሆኜ እወድቃለሁ።» የሚያስተረጉመው የ14 ዓመት የወንድሜ ልጅ ነው። ስለ ሽንት ቤት ሲጠየቅ ፊቱ ቀልቶ «ደህና ናት» አለ። እኔም ዝም አልኩ። በእንግዳ ፊት የእናቴን ነውር እንዴት ላውራ? ደብዳቤው «አይገባሽም» ብሎ መጣ። ጥፋቱ የገምጋሚዋ አልነበረም፤ የነገርናትን ጻፈች።

ይህ በእኔ ቤት ብቻ የሆነ አይደለም። በባህላችን ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል ተመስገን ይላል፤ ቢታመምም ይላል። ጉብኝቱ ግን ሰላምታ አይደለም። ስለዚህ ከጉብኝቱ በፊት ሌሊት ምን እንደሚሆን፣ ስንት ጊዜ እንደወደቁ፣ ምን ምን እንደሚረሱ በወረቀት ጻፉ። የቤተሰብ ሐኪም ደብዳቤ ያዙ። ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉ፤ አካለ መጠን የደረሰ ሰው ይገኝ። መልሱ እምቢታ ከሆነ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ ይግባኝ ማለት ወይም ሁኔታው ሲከፋ እንደገና ማመልከት ይቻላል።

እኛም እንደገና አመለከትን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ማታ እናቴን አስቀምጬ እስካሁን የነገርኳችሁን ታሪክ ነገርኳት። በፓርዴስ ሐና ስለነበሩት ሽማግሌዎች፣ ከየሠራተኛው ገቢ ስለሚጠራቀመው ሳንቲም ነገርኳት። «እማዬ፣ የእኔም ከደመወዜ በየወሩ ይቆረጣል፤ ልመና አይደለም» አልኳት። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ አንቺ ልትጦሪኝ አይደለም?» አለች። «እኔ እጦርሻለሁ፤ እርሷ ደግሞ እኔን ታግዘኛለች» አልኩ።

ሁለተኛዋ ገምጋሚ ስትመጣ እናቴ የቤት ልብሷን እንደ ለበሰች ተቀምጣ ጠበቀቻት። «ቁልፍ መቆለፍ ትችያለሽ?» ስትባል ሁለት እጇን ዘረጋች። «ይህ እጅ ጭቃ አቡክቶ ሰባት ልጅ አሳድጓል፤ አሁን ቁልፍ አይቆልፍም» አለች። እኔ ነበርኩ ያስተረጎምኩት።

የተላከችልን መታፔሌት በዘመቻ ሰሎሞን የመጣች የአገራችን ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን በሩን ስታንኳኳ እናቴ ግድግዳ ይዛ ተነሣችና ጀበና ፍለጋ ወደ ማድቤት አመራች። ሴትዮዋም ክንዷን ያዘችና «እማማ፣ ይቀመጡ፤ ዛሬ የማፈላው እኔ ነኝ» አለቻት።